ዋጃ ተሽጦ፣ ጎብዬ ተሽጦ፣ ተበልቶም ስለተመለሰው ግመል

ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ለሾላ በር ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ

እጅግ የተከበሩ ጓድ አዛዥ፣

የእመት ኡሙልኸይር ግመል ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በገዛ እግሩ ከበረሃ ተመልሶ ከባለቤቱ ደጃፍ ተንበርክኮ ተገኝቷል።

ይህን ካስታወቅሁ በኋላ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ቃል ለሚቀበሉት አስር አለቃ ቀኝ እጅ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ፤ ያን ያህል ጽፎ የማይዝል እጅ የለምና። ደብዳቤዬን በኅብረት ሱቁ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ሂስ በአደባባይ ሲሆን ይጠቅማል ብለው በስብሰባ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ላስረዳ። ዳለቻ የሚባለው ይህ ኮርማ ግመል በጥቅምት መጨረሻ አንድ ረቡዕ ከግጦሽ ሳይመለስ ቀረ፤ እመት ኡሙልኸይርም ለጣቢያዎ አመለከቱ። ኮርማ ግመል ሴት ሲሻው ገመዱን በጥሶ ወደ አፋር በረሃ እንደሚወርድ፣ ሲበቃውም እንደሚመለስ በዚህ ቆላ የማያውቅ የለም። ጣቢያው ግን ግመሉን ከመጠበቅ ሌባውን መፈለግ ይቀላል ብሎ፣ በዚያ ቀን በግጦሹ አጠገብ ያለፉትን አራት ገበሬዎች ያዘ። ለየብቻ እየተጠሩም፣ ሕዝቡ ዛሬ «እመንና ግባ» የሚለው ውል ቀረበላቸው። ያመነ ሰው ለሦስት ሳምንት የእርከን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ማታ ግን ቤቱ ያድራል፤ የካደ ሰው ምርመራው እስኪያልቅ ይታሰራል፣ መቼ እንደሚያልቅ ግን አይነገረውም። ጊዜው ማሽላ የሚያሽትበት፣ ግሪሳም የሚወርድበት ነው። ቤቱ የማያድር ገበሬ በዚህ ሰሞን የሚያጭደው አገዳ ብቻ መሆኑን እርስዎም የገበሬ ልጅ ስለሆኑ አይስቱትም።

ስለዚህ ያለንን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቅልጥፍናው። ሌላ ጣቢያ ለአንድ ግመል አንድ ሌባ አጥቶ ሲንከራተት፣ የእርስዎ ጣቢያ በአንድ ሳምንት ሦስት ሌቦች አግኝቷል። ሦስቱም ግመሉን ብቻቸውን እንደሰረቁና ግብረ አበር እንደሌላቸው በጣት አሻራቸው አረጋግጠዋል።

2ኛ. ስለ ገበያ ድልድሉ። የሰረቀ ሰው የሰረቀውን የት እንዳደረሰ መጻፍ ስላለበት፣ መጀመሪያ ያመነው ሙላው «ዋጃ ወስጄ ለማላውቀው ነጋዴ ሸጥሁት» አለ። አያሌው ሲጠራ ዋጃ ተይዞ ስለነበር ጎብዬ ተሰጠው። አንዱ ከተማ ከቆቦ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ነው። አንድ ግመል በአንድ ሌሊት በአውራ ጎዳናው ሽቅብም ቁልቁልም ተነድቶ በሁለቱም ገበያ መሸጡ፣ የአካባቢያችን ከብት ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ለውጭ ሰው ያሳያል።

3ኛ. የገብረ ማርያም ተራ ሲደርስ ገበያው አልቆ ነበር። አስር አለቃው «እንግዲህ አርደህ በላኸው ብዬ ልጻፈው?» ቢሉት፣ ልቡ ከማሽላው ጋር የነበረው ይህ ጎረቤቴ «እንዳሻዎ ይጻፉት ጌታዬ፣ ብቻ ሳይመሽ» ብሎ ፈረመ። እንግዲህ ገብረ ማርያም የጽዋ ማኅበርተኛ ክርስቲያን ነው፤ ግመል በልቻለሁ አለ፤ ያውም ረቡዕ ቀን። ጣቢያው በሦስት ሳምንት የማረውን ሰው የንስሐ አባቱ ቅጣቱን እስከ ፋሲካ አሻገሩበት፣ ሚስቱ ሰሃኑን ለየች፣ የማኅበሩም ጽዋ እሱ ጋ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል። አልበላሁም ብሎ ቢምል የንስሐ አባቱ «ለመንግሥት በላሁ ብለህ ለእግዜር አልበላሁም ልትል ነው?» አሉት። ቃሉን ላንሳ ብሎ ወደ ጣቢያ ቢመለስ ደግሞ፣ ፖሊስን ማሳሳት ከግመል ስርቆት የከበደ ወንጀል መሆኑ በትሕትና ተገልጾለታል።

4ኛ. አራተኛው ሰው ነጅሙዲን ነው። ከአራቱ መካከል ግመል ቢበላ ሃይማኖቱ የማይከለክለው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ «ወላሂ፣ ያልነዳሁትን ነዳሁ ብዬ የሌባ ልጅ የሚል ስም ለልጆቼ አላወርስም» ብሎ ውሉን መለሰ። በዚህም ምክንያት ሰርቀናል ያሉት ሦስቱ ማሽላቸውን በሰላም እያጨዱ ሲሆን፣ አልሰረቅሁም ያለው ሰው እስካሁን እስር ቤት ነው። ሚስቱ ዚነት ከጎህ እስከ ጀምበር ማማ ላይ ቆማ በወንጭፍ ወፍ ትከላከላለች፤ ስንቅ ልታደርስለት ከማማው በወረደች ቁጥር ግሪሳው ከማሳው አንድ ጥግ ይወስዳል። አስር አለቃው «እስቲ ምከሪው፣ ይመንና ይግባ» ቢሏት «እኔስ ላምንለት በቻልሁ፤ ግን ግመሉን የት ላድርሰው ጌታው? ገበያውም ሆዱም ተይዟል» ብላ መልሳለች። ይህን ንግግሯን አስር አለቃው በመዝገብ አላሰፈሩትም፤ የሰማ ሁሉ ግን በቃሉ ይዞታል።

ግመሉ በተመለሰ ቀን እመት ኡሙልኸይር ገና ወተታቸውን ሳይቀምሱ ነጅሙዲን እንዲፈታ ብለው ግመሉን እየሳቡ ወደ ጣቢያ ወሰዱት። መዝገቡ ግን ግመሉ ሁለት ጊዜ መሸጡንና አንድ ጊዜ መበላቱን ስለሚናገር፣ በእግሩ የመጣው «ተመሳሳይ ግመል» ተብሎ ከጣቢያው ጓሮ ታሰረ። እመት ኡሙልኸይር አንገቱ ላይ የተተኮሰውን ምልክት አሳዩ፣ በስሙ ጠሩት፣ እሱም ተንበረከከ። አስር አለቃውን «ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ትሻለህ ልጄ?» ቢሉት፣ መንበርከክ ቃል መስጠት እንዳልሆነ ተነገራቸው። እነሆ ዛሬ በጣቢያዎ ሁለት እስረኞች ይገኛሉ፤ ሁለቱም ያላመኑ ናቸው። ዚነትም ለባሏ ስንቅ ስታመጣ ለግመሉ አገዳ ትጨምርለታለች፤ ወፉ ፍሬውን የጨረሰው የራሷ ማሳ አገዳ ነው።

5ኛ. ሕዝቡ በጣቢያዎ ላይ ስላለው እምነት። በቅርብ ስብሰባ ከጥቅምት ወዲህ አንድም የስርቆት አቤቱታ እንዳልመጣ ሲገልጹልን ሁላችንም አጨብጭበናል። ጠላ ሻጯ ቆንጅት ከሁላችን አብልጣ ስታጨበጭብ አይቻለሁ። ትልቁ ብረት ድስቷ በዚያው ሳምንት ከጓሮዋ ተሰርቆባታል። ለምን አላመለከትሽም ብላት «ሌባዬ አንድ ነው፤ ባመለክት ግን መንደሩ ሁሉ ያምንብኛል፣ ጠላዬን ማን ሊጠጣልኝ ነው?» አለችኝ። ጓድ አዛዥ፣ የቆንጅትን ድስት የወሰደው ሰው እዚሁ በመካከላችን አለ፤ እንቅልፉንም በደንብ ይተኛል። እርስዎን የሚፈራዎት ድስት ያልወሰደው ሰው ነው።

የነጅሙዲን ጉዳይ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ይተላለፍ ወይስ ይለቀቅ የሚለውን በመጪው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚወስኑ ሰምተናል። በሥራዎ ጣልቃ መግባት የማይገባን ስለሆንን ምንም አንጠይቅም። ከመፈረምዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻ የቢሮዎን መስኮት ከፍተው ወደ ጓሮ እንዲመለከቱ በትሕትና እለምናለሁ።

ዋጃ ያልሄደ፣ ጎብዬ ያልሸጠ፣ ግመልም ያልቀመሰ፣ በጣቢያዎ ጥላ ሥር በሰላም እያደረ ስለ ነገው ግን የማያውቅ ታዛዥዎ፣

ጋሹ ይማም
የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው የሚል ምርመራ የሚከፈት ከሆነ ድካምዎን ለመቀነስ ያህል፣ ብቻችንን ጻፍነው ብለው ለማመን ሦስት ሰዎች ከወዲሁ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው፤ አንደኛው በመሠረተ ትምህርት ገና ፊደል እየቆጠረ ነው። እውነቱን ከጠየቁኝ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እውነቱን የተናገረ ሰው በሾላ በር ወደ ቤቱ መግባት አለመግባቱን ግን ሰኞ በሦስት ሰዓት ከእርስዎ እንሰማለን።