ሰብለን የሚድራት ሰው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለወይዘሮ አንጓች፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ዳገቱን እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርኩዝ ትወጪዋለሽ ወይ? አያ ዓለምነህ ዓይኑን ታየ ወይስ ዛሬም ነገ ነገ እያለ ነው? ሽምብራው እንዴት ያዘ፣ ውርጭ አልነካውም? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በአካሌ ደህና ነኝ። እጄም ዓይኔም ለመርፌ አልሰነፉም። በልቤም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ነበር። ልጆቹ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ከመካከል ያስቀምጡታል፤ ደጅ ያለው ጎረቤት ሳይቀር "እንደምን ዋልህ ፍሰሐ" ይለኛል። ይህ ደግሞ ለጉባኤ የሚነገር አይደለም። እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ጎረቤቴ የሆነችው ለተብርሃን በመተማ በኩል ወደ አገር ስለምትገባ በእጇ ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የልጄ የሰብለ ነው። ለጋብቻ ለጠየቋት ለቆላድባዎቹ ሽማግሎች "ልጃችን ለፋሲካ ትመጣለች፣ ያን ጊዜ እንጨርሳለን" ብለሽ ቃል መስጠትሽን አውቃለሁ። ቃሉን መልሺላቸው። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ላውጋሽ።

ሰብለ እናቷ ዝናሽ ካረፈች ወዲህ ፎቶ ቤት እንደምትሠራ ነግሬሻለሁ። ከሥራው ጋር አንድ አመል አመጣች። ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነውና፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ወፍ ፎቶ ለማንሣት ጀበል አውሊያ ትሄዳለች። ከከተማው ወደ ደቡብ ነው፤ ነጭ ዓባይን እዚያ ገድበውት ውሃው ተንጣልሎ ሐይቅ ሆኗል፣ ማዶው በግድ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሳቅሁባት። እኔና አንቺ ወፍ የምናውቀው ማሽላ ላይ ሲሰፍርብን ነው። "የማይበላ፣ የማይያዝ፣ ምን አገኝ ብለሽ ነው እንቅልፍሽን የምታጪው?" ስላት "ባባ፣ አንተ አታውቀውም" ትለኛለች። "ባባ" የምትለኝ እንደዚህ አገር ልጆች ነው፤ አማርኛዋም ከእናቷ ወዲህ እየሳሳ ሄዷል።

ኅዳር ላይ የጭቃ ቀለም ያለው ሸራ ይዛ መጣችና ስፋልኝ አለች። ሰው ውስጡ ተቀምጦ የሚደበቅበት ድንኳን ነገር ነው፤ በዓይን ልክ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ላይ የሚከደን ጨርቅ። "ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርገው" አለችኝ። ሁለተኛው ማን ነው ብላት "አብሮኝ የሚያነሣ ልጅ አለ" ብላ ሸራውን ዘረጋችልኝ። ጠርዙን ደርቤ መትቼ፣ ንፋስ እንዳያነሣው ታቹን በአሸዋ የሚሞላ ከረጢት ሰፍቼ ሰጠኋት።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "ባባ፣ ሙአየድ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል" አለች። ሙአየድ የአርካዊት ሰፈር ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳት ያስተምራል፣ የወፉንም ነገር ያለመዳት እሱ ነው። "የሚነጋገር ሰው ሽማግሌ ይልካል" አልኋት። "የእሱ ሽማግሎች ኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ ራሱ ነው የሚነግርህ። ዓርብ ጀበል አውሊያ አብረኸን ና።" እታለም፣ በወፍ መካከል ልጅ ስትጠየቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ዘማርያም ሄድሁ። "ጸልይ። አንተ አባቷ ነህ፣ ቃሉ ያንተ ነው" አሉኝ። ይህችን "ቃሉ ያንተ ነው" የምትለዋን ይዤ ሳምንቱን ሙሉ መልሴን ሳዘጋጅ ሰነበትሁ። "ልጄ፣ አንተን አልጠላህም፤ ነገር ግን ማዕተብ አስሬ ያሳደግኋትን ልጅ ከሃይማኖቷ ውጭ አልሰጥም፤ አትቀየመኝ" የምትል ነበረች። በዓረብኛ መሆኗ አስቸገረኝ። የእኔ ዓረብኛ የገበያ ነው፤ ለዋጋና ለስድብ እንጂ ለክብር ነገር አይበቃም።

ጥር ፲፱፣ በገብርኤል ዕለት፣ ሙአየድ በአጎቱ የጭነት ቦክስ መኪና መጣ። ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፣ የፊቱን ወንበር ሰጠኝ፤ "ያ ዐም ፍሰሐ፣ ብርድ እንዳይዝህ" ብሎ፣ ዐም አጎቴ እንደማለት ነው፣ ኩታዬን ሳይቀር አስተካከለልኝ። ልጁ ነውር የለበትም። ይህን ሳልጽፍልሽ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል።

ግድቡ ዘንድ ወታደር አስቆመን። እዚህ አገር ካሜራ ይዞ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሙአየድ ወረቀቱን አሳየ። ወታደሩ እኔን አየና "ይህስ ሐበሻ ማን ነው?" አለ። ሙአየድ ሳያመነታ "ነሲቢ" አለው፤ አማቴ ነው ማለቱ ነው። ወታደሩም "ማሻላህ፣ ያላ እለፉ" አለን። እኔ ገና አልተጠየቅሁም፤ ለመንግሥት ግን አማት ሆኜ ተዋወቅሁ። ዞሬ ሰብለን ባያት በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

ድንኳኑን ሸምበቆው ጥግ ተከሉት። ለሁለት ሰው በሰፋሁት ውስጥ ሦስት ሆነን ገባን፤ የእኔ ጉልበትና የሙአየድ ጉልበት ተጋጥመው ቀሩ። አሁን ይጀምራል ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁ። ሰብለ ክንዴን ያዘችና "ባባ፣ እዚህ አይወራም" አለች በሹክሹክታ። ለካስ ወፉ ድምፅ ከሰማ አይቀርብም። እንግዲህ ልጄን የሚጠይቀኝ ሰውና መልሱን የያዝሁ እኔ፣ ትንፋሻችን ፊት ለፊት እየተማታ፣ ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ድረስ ቃል ሳንለዋወጥ ተቀመጥን። ሳል መጣብኝ፤ ዋጥሁት። ሌላም መጣ፤ እሱንም ዋጥሁት።

ከዚያ ብርሃኑ መጣ። የውሃውን ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ። ከተማውን ስጠላው፣ አቧራውን ስራገም ስንት ዘመን ኖሬ፣ ይህ ሁሉ ከአጠገቤ ነበር። ከነጭና ጥቁር ላባ የተሠራች አንዲት ትንሽ ወፍ ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ታራግባለች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አትልም፤ ድንገት እንደ ድንጋይ ትወድቅና ዓሣ ይዛ ትወጣለች። ሽመላዎችም መጡ፤ እዚያው እኛ ደንቢያ የምናውቃቸው፣ እግረ ቀያዮቹ። በአንዷ እግር ላይ ቀለበት አየሁ። ሰብለ በጆሮዬ፣ ከፈረንጅ አገር እንደመጣችና ቀለበቱ ላይ አገሯና ቁጥሯ እንደተጻፈ ነገረችኝ። "ኢቃማዋንስ በጊዜው አድሳለች?" አልኋት። የመኖሪያ ወረቀታችንን እያሰብሁ ነው። ሳቋን ለማፈን አፏን ትከሻዬ ላይ ደፋች። እንዲህ ከሆነች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

ልጄን ያን ዕለት አየኋት ብልሽ ይሻላል። ራት እስክትበላ እንኳ መቀመጥ የማትችለው ቀዥቃዣ፣ እንደ ጉቶ ተተክላ ትጠብቃለች። ወፍ ስትመጣ ቶሎ አታነሣትም። "ትብላ፣ ትልመደን፣ ከዚያ" ትላለች። ካሜራው ሲንተከተክ መርፌ በስስ ጨርቅ ላይ እንደሚሮጥ ነው። ያንን ልጅ ደግሞ በጎን አየው ነበር። ጃኬቱን አጣጥፎ ከጉልበቴ ሥር አደረገልኝ። ሽመላዋ ከእሱ ቀዳዳ ፊት ለፊት በቆመች ጊዜ፣ ወር ሙሉ የጠበቃት ወፍ መሆኗን ሰብለ ኋላ ነግራኛለች፣ ካሜራውን አወረደና ቀዳዳውን ለሰብለ ለቀቀላት። እኔ ለዝናሽ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

እታለም፣ ያዘጋጀሁት መልስ እዚያው ከእጄ ወጣ። ለአምላኬ በልቤ ነገርሁት። እሷ በሃይማኖቷ እሱ በሃይማኖቱ ሆነው ቤት የያዙ ሰዎች እዚህ ዴም አሉ፤ ማዕተቧን እንዳያስፈታት ቃል ይግባልኝ እንጂ እሺ እላለሁ፤ ለአንጓችም እኔ እነግራታለሁ፤ አባ ዘማርያም ቢቆጡም ቁጣቸውን እኔ እቀበላለሁ አልሁ። እሺታው እንደ ትኩስ ጉርሻ አፌ ውስጥ ተቀመጠ። እስኪጠይቀኝ ቸኮልሁ።

ፀሐይ ስትበረታ ወፉ ወደ ማዶ ሄደ። ድንኳኑን አጥፈን፣ ውሃው ዳር ዳስ ጥላ ሻይና ቁርስ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥን። ዓርብ ነውና እኔ እስከ ቀትር እህል አልቀምስም፤ ሰብለ ሻይ ብቻ አዘዘችልኝ። ለእነሱ ፉል መጣ፤ ላዩ እንቁላል፣ አይብም ተፈርፍሮበታል። ዳቦዋን ቆርሳ አጠቀሰች። የረሳች መሰለኝ። "ሰብለ፣ ዛሬ ዓርብ ነው እኮ" አልኋት በቀስታ፣ እንዳላሳፍራት። እጇ ሰሃኑ ላይ ቆመ። ሙአየድ አማርኛ አይሰማም፤ እሱም ግን መጉረሱን ተወ።

በአማርኛ ልትነግረኝ ጀመረችና አልሆነላትም። በዓረብኛ ነገረችኝ። ከክረምት ጀምሮ እስላም ናት። ማንም አላስገደዳትም። "በእሱ ምክንያት ነው?" አልኋት። "አይደለም ባባ። እሱማ ቆዪ፣ በደንብ አስቢበት ሲለኝ ነበር።" ታምኛታለሽ? እኔ ግማሹን ቀን አምናታለሁ፣ ግማሹን አላምናትም። ከክረምት ጀምሮ ማለት፣ የፍልሰታን ጾም በአንድ ገበታ አብረን አሳለፍን ማለት ነው። ለእኔ ብላ ስትጾምልኝ ነበር።

ሙአየድ ከዚያ ተናገረ። አቀርቅሮ፣ በትሕትና። "ያ ዐም፣ የምንለምንህ ምርቃትህን ነው" አለኝ። "ልጅህን ስጠኝ አትለኝም?" አልሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። እያባበለ አስረዳኝ። ሴት ልጅን የሚድራት ሰው በእነሱ ሕግ ወሊ ይባላል፤ አባቷ ነው። እስላም የሆነችን ልጅ ግን ክርስቲያን አባት ወሊ ሆኖ መዳር አይችልም። ስለዚህ ዳኛው በእኔ ቦታ ሆኖ ይድራታል። "ለሥርዓቱ ነው፣ ወላሂ፣ አባትነትህን ማንም አይወስድብህም" አለኝ። ሁሉም ተነጋግረው ያለቀ፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው።

አየሽ እታለም፣ ሌሊት ተነሥቼ፣ ሳሌን ውጬ፣ ከራሴ ጋር ታግዬ ያመጣሁትን እሺታ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም። እምቢ ብልም እሺ ብልም አንድ ነው። "ሻዬ ቀዝቅዟል" አልሁ። ሴትዮዋ ቀየረችልኝ። ስንነሣ ሙአየድ ከሰብለ ጋር ውሃው ዳር ቆሜ ፎቶ እንድነሣ ለመነኝ። ሌላ ቀን ብዬ ወደ መኪናው ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን እየመረመርሁ ነው። ልጄ ከጥምቀቷ ወጣች ብዬ ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ አለቅሳለሁም። ነገር ግን ጸሎት ላይ ስቆም ቶሎ የሚመጣብኝ እሱ አይደለም። የሚመጣብኝ፣ እንዴት ሳይጠይቁኝ የሚለው ነው። ለእግዚአብሔር የተቆረቆርሁ መስሎኝ ለካስ የተቆረቆርሁት ለፍሰሐ ነው። ይህ ከሁሉ ይመረኛል። ለአባ ዘማርያም ስናዘዝ "አልቅስላት፣ አትርገማት" አሉኝ እንጂ ስለዚህኛው ምንም አላሉኝም።

በማግስቱ ሰብለ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሳላያት አንሥታኛለች። በቀዳዳው ስመለከት፣ አፌ ትንሽ ተከፍቶ፣ ብርሃን ግንባሬ ላይ አርፎ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎኛል። "ባባ፣ እንዲህ ሆነህ አይቼህ አላውቅም" አለችኝ። ያ ሰው እሺ ሊል የተሰናዳ ሰው ነው። መልሼ ላገኘው ብፈልግ አጣሁት። አስወግጂው አልኋት፤ አላስወገደችውም።

ኒካሑ የካቲት ፫፣ ዓርብ ከሰላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ነው። በወንዶች መካከል የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሙሽራዋ እንኳ አትገኝም። ከፊት ቦታ ይዘንልሃል ብለውኛል። አልገባም። ደጁ ላይ ግን እቆማለሁ ብያታለሁ። ዳኛው ሲድራት ስሟን መጥራቱ አይቀርም፤ ሰብለ የፍሰሐ ልጅ ይላል፤ ያንን የሚለውጥ ሕግ የላቸውም። ያን ስሰማ ምን እንደምሆን አላውቅም። ምርቃቱን ግን ገና አልሰጠኋትም። ስትጠብቅ አያታለሁ፤ መጠበቅ እንደሆነ ታውቅበታለች።

አንቺን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። ዝናሽን አትውቀሺብኝ፤ ሙት አይወቀስም። ደግሞም ሰው ሰብስበሽ ለቅሶ እንዳትቀመጪ። የእነ እንትና ቤት እንዳደረጉት እንዳታደርጊ። ልጅቱ አልሞተችም። ይህን ስጽፍልሽ በማዶው ክፍል ልብሴን እያጠበች ነው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል።

የአያ ዓለምነህን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዓይኑን ሳይውል ሳያድር ይታከም። ደመቀን ከነሚስቱ ሰላም በይልኝ፤ አራስዋ ልጁ በደህና ጠናች ወይ? የደጁን ጎረቤትም፣ በስልክ ሰላም የሚለኝን፣ እንዳልረሳሁት ንገሪው። ነነዌ ሰኞ ይገባልና በጸሎትሽ አስቢኝ።

ሰብለም እጅ ነሥታሻለች። "መጀመሪያ የእኔን ሰላምታ ጻፍላት፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ከመጀመሪያው ብጽፈው እንደ ወትሮው ወረቀቱን ስመሽላት ታልፊ ነበር። አሁን ሁሉን አውቀሻል። ከተቀበልሽላት፣ እንዲህ ሆና ተቀበያት።

ወንድምሽ ፍሰሐ
ካርቱም፣ ዴም
ጥር ፳፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.