ሬዣን ይቅመሰው

ለወንድሜ ለሬዣን፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህስ ዶና ደኅና ናት? ትልቁ ልጅህ ትምህርቱን ያዘ ወይስ እንዳንተ መስኮት መስኮት ያያል? እዚያ ነዳጅ በምትቆፍሩበት አገር ብርዱ እንባ ሳይቀር ያደርቃል ብለህ ጽፈህ ነበር፤ እግዚአብሔር ከነቤተሰብህ ይጠብቅህ። እኔ ለክፉ አልሰጥም። ወገቤን ያመኛል፤ ወገቧን የማያማት ሴት ደግሞ በዚህ ሰፈር የለችም። አባባ ግን ደኅና አይደሉም። የምጽፍልህም ስለሳቸው ነው፤ በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ ያለው አልጋቸው ራስጌ ነው።

ባለፈው እሁድ፣ በሆሣዕና፣ ከቅዳሴ ስንወጣ «ወደ ጎጆው ውሰጂኝ» አሉኝ። የቱ ጎጆ ብዬ አልጠየቅኩም። ስንት ዓመት ውሃቸውን እየቀዱ ሽሮፕ ያፈሉባቸው የሜፕል ዛፎቻችንና የስኳር ጎጆው ከተሸጡ ወዲህ በዚያ በኩል አልፈው አያውቁም። አንተ «ተመልሼ ዛፍ አልበሳም፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ባልክ በዓመቱ ነበር ለፍሎሪያን የሸጡለት። ይህን የማነሳው እንዳትረሳው ብዬ ነው። ፍሎሪያን ክፉ አይደለም፣ ድንበር ለድንበር አብሮን ያደገ ሰው ነው። ቦታውን ግን ብታየው አታውቀውም። ከዛፍ ዛፍ ውሃውን የሚስብ ሰማያዊ ቱቦ ተወጥሯል። ባልዲ የተንጠለጠለው መንገድ ዳር ባሉት ላይ ብቻ ነው፣ ከከተማ በአውቶቡስ ለሚመጡት ጎብኚዎች ማሳያ። አባባ ከመኪናው ወርደው ቱቦውን ሲያዩ «ዛፎቼ ታመው ነው እንዴ ግሉኮስ የተሰካላቸው?» አሉ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ከማናውቃቸው ሰዎች መሀል ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። ባቄላው፣ የአሳማው ሥጋ፣ ሽሮፕ የፈሰሰበት እንቁላል፣ ሁሉም እንደ ድሮው ቀረበ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳቀርብ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ተቀምጬ ሲቀርብልኝ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። አባባ አንዴ ጎርሰው ሳህኑን ገፉት። ተነሥተው ሽሮፑ ወደሚፈላበት ገንዳ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ፍሎሪያን ሲያያቸው ቆቡን አወለቀና ጭልፋውን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

የአባባን ምላስ ታስታውሳለህ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሽሮፑን ከመሸጡ በፊት ጠርሙሱን ይዞ ወደ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀምሱና «ይሄ የመጀመሪያው ውሃ ነው»፣ «ይሄን ገንዳው አሳርሮታል»፣ «ዛፍህ አብቦ ሳታቆም ቀርተሃል፣ ይሄ እምቡጥ እምቡጥ ይላል፣ ለከብት ስጠው» ይሉ ነበር። ከሳቸው ፍርድ በኋላ ይግባኝ አልነበረም። አንተንም ዓይንህን በሻርፕ አስረው እያቀመሱ አስተማሩህ። እኔን «ሴት ገንዳው ጋ ከቆመች አረፋው ይገነፍላል» እያሉ ወደ ጠረጴዛው ይመልሱኝ ነበር። ሳህኖቹን ከማጠቤ በፊት በጣቴ እየጠረግኩ ስቀምስ መኖሬን ግን አንዳችሁም አታውቁም።

እሁድ ዕለትም ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። «ፍሎሪያን፣ መራራ ነው» አሉ። «እምቡጥ ነክቶታል። በረዶው ቀልጦ እንቁራሪት እስኪጮህልህ ነው የምትጠብቀው?» በረዶው ገና እስከ ጉልበት ነው፣ እንቁራሪትም እምቡጥም የለም። ጎብኚዎቹ ወሬያቸውን አቁመው ያዩን ጀመር። ፍሎሪያን ቀመሰ። እኔም ከጭልፋው ቀመስኩ። ሬዣን፣ ጣፋጭ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሩ ሽሮፕ ከዚያ ጎጆ ወጥቶ አያውቅም።

ፍሎሪያን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ «ልክ ነዎት ጋሼ አልሲድ፣ ጉንፋን ይዞኝ አፌ ደንዝዞ ነው» አላቸው። አባባ እንደ ልማዳቸው ለማስረጃ አንድ ጠርሙስ አስቀዱ። ፍሎሪያንም ከጠዋት ጀምሮ የተቀዳውን በርሜል ወደ ደጅ አውጥቶ በረዶው ላይ ደፋው። ሚስቱ ከበሩ ላይ «አበድክ እንዴ አንተ ሰውዬ?» ስትለው «ዝም በይ» ብቻ አላት። እንባዬ መጣ። ሰውን የገዛ ልጁ ያላደረገለትን ጎረቤቱ ሲያደርግለት ማየት ያንገበግባል።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጎብኚዎቹ ግን ሽሮፑ የተደፋው፣ እንደ ልማዱ በረዶ ላይ ረግቶ ለእነሱ ከረሜላ እንዲሆን መሰላቸው። አጨበጨቡና የእንጨት ማንኪያቸውን ይዘው ወጡ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከነበረዶው ዝቃ ጎርሳ «ኧረ ሲጣፍጥ! ቅመሱት እስኪ» እያለች ልጆቿን ጠራች። ልጆቹም ጣታቸውን ይልሱ ጀመር። አባባ በራፉ ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ።

በመኪና ስንመለስ ድልድዩን እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ ዛፎቹን ያዩ ነበር። ከዚያ «አባቴ ሊሞት ሲል ስኳር መረረው» አሉ። «መርዝ ጨምረሽበት ነው ብሎ እናቴን ሰድቧታል።» ወዲያው «መራራ ነበር አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። «መራራ ነበር አባባ፣ እምቡጥ ነክቶታል» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ስታቀርቢ የኖርሽ» አሉኝ። «ሬዣን ይቅመሰው።»

እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ። ጥር ላይ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ጉበታቸው እንደተጎዳና መድኃኒት እንደሌለው ነግሮኛል። አፋቸው የሚመርራቸው ከዚያ ነው፤ የዘንድሮን የድርቆሽ አጨዳ አያዩም። የበረዶውን ወራት ሙሉ ዳቦው መረረኝ፣ ሾርባውን አሳረርሽው ሲሉኝ ሳህኑን አነሣለሁ። ለሳቸው አልነገርኳቸውም። አሁን ግን ራሳቸው ደርሰውበታል፤ ተስፋቸው ያ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ አንተንም ከመረረህ ጥፋቱ የሽሮፑ እንጂ የአፋቸው አይደለም። መስኮቱ ላይ አስቀምጠውታል፣ አንተ ሳትመጣ ማንም እንዳይከፍተው ብለዋል።

ስለዚህ ና። ናፍቀኸኝ አይደለም የምጠራህ፣ አልደብቅህም። የማጥባቸው እኔ፣ ሌሊት የምነሣላቸው እኔ፣ ምላሱ የሚታመነው ግን ጥሎ የሄደው ነው። ይህን ሳልጽፍልህ ብቀር ያንቀኝ ነበር። እኔ ብዋሽላቸው አላመኑኝም፤ አንተ ብትዋሽ ያምኑሃል። ፊታቸው ቆመህ ቅመሰው፣ አፍህን አጨማደህ «እምቡጥ ነክቶታል፣ አባባ» በላቸው። ከዚያ ብትፈልግ በማግስቱ ተመለስ።

ዶናን በጉንጯ ሳምልኝ። ልጆቹን አክስታችሁ ሰላም ትላችኋለች በላቸው፤ ቋንቋችንን ከረሱ በነሱው ቋንቋ በላቸው። ፍሎሪያን እጅ ይነሳሃል፤ ሚስቱ ግን እስካሁን አላናገረችንም። አባባ እየጻፍኩልህ መሆኔን አውቀዋል። ምን ልበልልዎ ብላቸው «ከመሳፈሩ በፊት ሲጋራውን እንዲተው ንገሪው፣ ምላሱን ያበላሽበታል» አሉኝ።

እህትህ ጊስሌን
ሳንት ኤልዜር፣ ቦስ
እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1982