መዳፌ ላይ ያለው የታፋ ቆዳ

ጥቅምት 9 ቀን 1978
ዛሬ ፋሻው ተፈታ። ቀኝ መዳፌ ላይ የተሰፋው የታፋዬ ቆዳ ነው። የጭነት መኪና የጋለ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ ጨብጬ ከተቃጠልኩ ወዲህ ገበያ አልወጣሁም። እኔ ዳሂር እናገራለሁ፤ ልጄ ኢድል ቅዳሜ ቅዳሜ ከዓለማያ ኮሌጅ ስትመጣ ትጽፋለች። ፊደል አላውቅም፤ አላፍርበትም። ግመል አውቃለሁ።

ጥቅምት 16
ኢድል በመርፌ ጫፍ ነካካችኝ። ምንም። ሐኪሙ ስሜቱ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል አለ... ላይገባም ይችላል አለ። እኛ ግመል የምንሻሻጠው በኩታ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው። ጣት ይጫናል፣ ዋጋው ይታወቃል፣ አጠገብ የቆመ አይሰማም። መዳፌ ካልሰማ ምኑን ደላላ ሆንኩ?

ኅዳር 14
መዳፌ ላይ ፀጉር በቀለ። ላጨሁት። ደግሞ በቀለ። በሺር፣ የዕድሜ ልክ ተፎካካሪዬ፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ አየው። «ዳሂር፣ ፍየል መሆን ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። ውጣልኝ አልኩት። ሻዩን ጨርሶ ወጣ።
ቆዳው ለምን መዳፍ አይሆንም? ቦታው የመዳፍ፣ ደሙ የእኔ... ኢድልን ጠየቅኋት። ዓይንም ጉበትም ቆዳም ውስጥ ያለው፣ ከወላጅ የወረስነው ጽሑፍ አንድ ነው አለች። ግን አንዳንዱ ገጽ ላይ ትንንሽ ማኅተም አለ፤ ማኅተም ያረፈበት አይነበብም። ታፋ ላይ የፀጉሩ ገጽ ክፍት ነው፣ መዳፍ ላይ ዝግ።
«ቆዳው ሰፈር ሲቀይር ማኅተሙን ይዞ ነው የመጣው፣ አባ» አለች።
እኔ የማላነበውን ሥጋዬ ያነባል ማለት ነው? ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ኅዳር 21
ማኅተሙ አይነሳም ወይ? መምህሯን ጠይቃ መጣች። ውጭ አገር የአይጥ ሴሎች ላይ መድኃኒት አፍስሰው አንዳንዱ ማኅተም ለቀቀ፤ ሴሎቹ ጡንቻ ሆነው ሳህን ውስጥ ተላወሱ። መዳፌን በእሱ ልንከረው አልኩ። የቱ ገጽ እንደሚከፈት አይመረጥም፣ ሌላ ነገር ብትሆንስ አለች። ተውኩት።
ግን መጀመሪያ፣ በእናት ሆድ ውስጥ፣ ማኅተሙን ማን ይመታዋል? ኮሌጇም አልነገራት።

ታኅሣሥ 12
የቀበሌ ስብሰባ። እጅ አውጡ ተባለ። የቀኜ ፀጉር እንዳይታይ ግራዬን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ ገላመጠኝ። ይገላምጥ።

የካቲት 8
መዳፌን ሲነኩኝ የሆነ ነገር አለ... ማሳከክ? መቆንጠጥ? ጻፊው፣ ግን በሺር ጆሮ እንዳይገባ።

መጋቢት 13
ገበያ ወጣሁ። የሰው ግመል ይዤ፣ ገዢው በሺር። ኩታውን ጣል አደረገ፤ ቀኝ እጄን ሰጠሁት። ተጫነኝ። እንደ ድሮው የጠራ አይደለም፤ በወፍራም ጨርቅ ላይ እንደሚነኩት ነው... ግን ጣቱን ለየሁ። በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የጀመረው፣ ሌባ።
«ይሰማሃል?» አለኝ።
በኩታ ሥር አፍ አይናገርም። ከፍ አድርጌ መልሼ ተጫንኩት።
ቆዳው ዛሬም ታፋ ነው። ግመሏ ግን ተሸጠች።