አደዩ አይነቀልም

ይድረስ ለወንድሜ ለኢስሃቅ፤ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ ዛሬም ሱቁን ዘግቼ እበላለሁ እያልክ ታመሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከባድ ጉዳይ ስለማስታውቅህ ቁጭ በል። ማክሰኞ ጠዋት፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ፣ የመጀመሪያዋ አደይ አበባ ፈንድታለች። የሰፈሩ ጸጥታ አልደፈረሰም። የጎረቤታችን የወይዘሮ መሰለች ዶሮ ብቻ ቀረብ ብላ አየቻትና መንገዷን ቀጠለች።

በስልክ የላክኸውን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። ሰው ግቢውን በሲሚንቶ ሲያሳምር እኔ አረም አሳድጌ ቤቱን ገጠር አስመሰልኩት አሉ። ወንድሜ፣ አረም ያልከው እማ ከተወለደችበት ከወረባቦ በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣሁት ዘር ነው። መሰለችም አደይ ደግሞ ይዘራል እንዴ፣ እሱ ሜዳ ላይ ራሱ ነው የሚበቅለው ብላ ሆዷን ይዛ ስቃብኛለች። ዘራሁት፣ በቀለ፤ አሁን እቅፍ ስጪኝ ባይዋ እሷው ናት።

አንተ ያዘዝከው ግንበኛ፣ ገመዳ፣ አካፋውን ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ታዝዤ ነው፣ አትቀየሚኝ አለኝ። ከጅዳ ያዘዘህ ሰው ከጅዳ መጥቶ ይንቀለው ብዬ አበባው መሐል ቆምኩ። ጭቅጭቃችንን ሰምታ ማን ብትወጣ ጥሩ ነው? እማ! አባባ ከሞተ ወዲህ ከክፍሏ ደጅ ብቅ ብላ የማታውቀው እማ! በባዶ እግሯ መጥታ አንዷን አበባ በጣቷ ነካ አደረገችና፣ ይሄ የእኛ አገር አደይ አይደለም እንዴ፣ ማነው የሚነቅለው አለች። ገመዳ አካፋውን ደበቀ። ለሚስቱ እቅፍ ቆርጬ ሰጠሁት፤ ይህ ጉቦ ሳይሆን ጉርብትና ነው።

ስለዚህ ቁርጡን እወቀው፦ አደዩ አይነቀልም። ብትቆጣም፣ ብትደውልም፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጋውም አይነቀልም። ለሲሚንቶህ አታስብ፤ በላክኸው ብር የተገዛው ሁሉ ከአጥሩ ሥር ተደርድሮ በደህና ተቀምጧል።

ለባለቤትህ ለዙለይካ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጅህን ሱሃይላንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ዘር ቋጥራልሻለች በላት። እማ ዱዓ ታደርግልሃለች። መሰለችም ሰላም ብላሃለች፤ ዶሮዋን አልጠየቅኳትም።

እህትህ ሑስና
አዳማ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እርማት፦ ከላይ ሲሚንቶው በደህና ተቀምጧል ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ነው። አደዩን ሳጠጣ የውሃው ጎማ ሳይዘጋ ከሲሚንቶው ሥር ተረስቶ በማደሩ፣ ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እማ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ አንጥፋበት ፀሐይ እየሞቀች አበባዋን ታያለች። በመሆኑም ግቢው የሚያስፈልገውን ያህል ሲሚንቶ ማግኘቱን በዚሁ እናረጋግጣለን።