ፍሪጄ ሲሞት በሕይወት ስለተረፈው ዘበኛ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዮፍታሔ፣ የላይ ሰፈር የመብራት ቅሬታ ሰሚና የአጥር ጎረቤቴ፤
አሰላ

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ ስልክ የሚያነሳው የሌለ ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ አሳምነው ኃይለየሱስ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን የሚጽፈው ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይበልጣል ነው። ጨዋ ሰው ስለሆነ ጥቂት ቃል አስቀርቶብኛል። ይህን በቀበሌው ሰሌዳ ያስለጠፍኩት፣ የታሸገ ደብዳቤ ከመሳቢያዎ ስለማይወጣ ነው።

አንደኛ፣ በሰፈር ስብሰባ ላይ ዕቃችሁ እንዳይቃጠል መከላከያ ያለው ዲቫይደር ግዙ ብለው አዘዙን። ታዝዤ ገዛሁ። ባለቤቴ እታገኘሁ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ፍሪጃችንም የመርፌ መድኃኒቷ ማደሪያ እንጂ የቢራ ቤት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ወይፈን ዘሎ ገባ፤ አምፖሉ ፈነዳ፣ ፍሪጁ ጨሰ፣ ዘበኛ ነው የተባለው ዲቫይደር ግን ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኝ ነበር። ጎበሳ ገጠር ሳለሁ፣ ሳርስ፣ ውሻ ነበረኝ፤ ጅብ በጌን ሲበላ እንዲህ ቆሞ ቢያይ ኖሮ እራት አያገኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ ለአቤቱታ ስመጣ መከላከያ ሰክተው ነበር ወይ አሉኝ። አዎ ብል፣ እንግዲያው አስመስሎ የተሠራ ይሆናል አሉ። ባልሰካ ጥፋቱ የእኔ፣ ብሰካ የሻጩ፤ የእናንተ ጥፋት የሚሰካበት ቀዳዳ እስካሁን አልተገኘም።

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክ ሠሪው ሚፍታ ዲቫይደሩን ፈቶ አሳየኝ። ውስጡ ሳንቲም የምታክል ነገር አለች፤ ከልክ ያለፈውን ኃይል ጠልፋ የምታስወግደው እሷ ናት። በየጊዜው በምትልኩልን የኃይል ግርፊያ ቀድማ ከስላለች፤ ቀይዋ መብራት ደግሞ ኃይል መኖሩን እንጂ የእሷን መሞት አትናገርም። ትርፉን የምትሰድበት የመሬት ሽቦም በቤቴ የለም፤ የሶኬቱን ሦስተኛ ቀዳዳ የምናውቀው እስክሪብቶ ስንከትበት ነው። ደህና ብትሆን እንኳ የቅጽበት ብልጭታ ትመክት እንደሆነ ነው እንጂ፣ ኒውትራል የሚሉት ሽቦ ላልቶ ያለ ልጓም የሚጋልበውን ኃይል አትችለውም፤ መብረቅማ አይነሳ! ጃንጥላ ለካፊያ ደግ ነው። ወንዝ ሲሞላ ጃንጥላ ግዙ የሚል ሹም ግን ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ያ ሽቦ ከደጄ ባዘመመው ምሰሶ ላይ ላልቶ ሲወዛወዝ ከክረምቱ በፊት ነግሬዎት ነበር። ባለሙያ ላኩ፤ ምሰሶውን ከባሕር ዛፌ ጋር በገመድ አስሮት ሄደ። ለዛፌ ስለሰጣችሁት ሥራ አመሰግናለሁ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ቆሞ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።

ካሳ አልለምንም፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። ልጄ ሌላ ፍሪጅ ልኮልኛል፤ ለሽቦአችሁ እንዳልገብረው ከነካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ። መድኃኒቱ እስካሁን የሚያድረው በባለሱቋ በዙቤዳ ፍሪጅ፣ ለስላሳ መጠጥ መሐል ነው። ዙቤዳ ለሠርግ ሲሬ ሄዳ ሱቁ ሲዘጋ እታገኘሁ መርፌዋ አለፋት፤ ከደጃፉ ተዝለፍልፋ ወድቃ አነሳናት። ሽቦውን አጥብቁ፤ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ስለ እርስዎ ትዕግሥት ሳይሆን ስለ ራሴ ትዕግሥት እያመሰገንኩ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ፣ በአጥር ግን እኩል ሆኜ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜያለሁ።

አሳምነው ኃይለየሱስ

የተረሳች ቃል፦ አጥራችን አጭር ነው። ትናንት ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር ባለቤትዎ ወይዘሮ አፀደ፣ «ዮፍታሔ፣ ፍሪጁን ንቀል፣ ቴሌቪዥኑን ንቀል» እያሉ ሲጮኹ፣ እርስዎም በካልሲ ሲሮጡ አይቻለሁ። መከላከያውን ትተው እጅዎን ማመንዎ ባለሙያ ያሰኝዎታል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የእታገኘሁ መድኃኒት እርስዎ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ ወይዘሮ አፀደ ፈቅደዋል። ደመና ሲመጣ ይነቅላሉ፣ ሲያልፍ ይሰካሉ፤ ሽቦው እስኪጠብቅ ድረስ ዘበኛው እርስዎ ነዎት።