ሑር ወደ እኔ የዞረ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሐቢቡላህ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህ ፈሪባስ፣ ትንሿ ልጅህ ሚናስ ደህና ናቸው? የዱባይ ሙቀት አልበረታባችሁም? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነውና አንተም ቀስ ብለህ አንብበኝ። ሳትጨርስ እንዳትቀደው።

በስልክ "ኑስረትን ይቅር ካልሽ ልጅ የለሽም" ያልከኝን አልረሳሁም። ወንድምህ ያዱላህ በመስኖ ተራ ተጣልቶ በኑስረት አካፋ ከወደቀ ይኸው ዓመት አለፈው። አባትህ በሕይወት ስለሌለ ይሰቀል ወይም ይማር የማለቱ ነገር በእኔ እጅ ብቻ ቀርቷል። ፍርድ ቤቱ የሰጠኝም ቀን እስከ ዛሬ ነበር።

ሙሐረም በገባ በአራተኛው ቀን እንደ ልማዳችን የሑር ተዕዚያ፣ የኢማም ሑሴን የሐዘን ተውኔት፣ በሜዳው ላይ ታየ። ሑርን ሆኖ የሚጫወተው፣ እንደምታውቀው፣ የኑስረት አባት መሽዲ በህራም ነው። ዘንድሮ ሌላ ሰው ይተካ ቢሉት "ከአያቴ የወረስኩትን አልለቅም" አለ። እኔም ፈርታ ቀረች እንዳይሉኝ ሄድኩ። መሽዲ እንደ ተጸጸተው ሑር ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ሑር የኢማም ሑሴንን መንገድ ስለዘጋ ከኢማሙ እግር ሥር ወድቆ ምሕረት መለመን ሲገባው፣ መሀል ላይ ቆመ። የሚያነበውን ወረቀት ጣለና ወደ ሴቶቹ ዞሮ "ኪሽወር ኻኑም፣ ልጄን!" ብሎ ተንበረከከ። ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ እኔን አየ።

ጎረቤታችን ማህ ሱልጣን ክንዴን ይዛ "ሑሴን ሑርን ይቅር ብሎታል፤ አንቺ ከሑሴን ትበልጫለሽ?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። "ሑር መንገድ ዘጋ እንጂ ልጅ አልገደለም! አንተም መሽዲ፣ ኢማሙን ለራስህ ጉዳይ ሽማግሌ አታድርገው። ወረቀትህን አንሳና ሥራህን ጨርስ!" ብዬ ጮኽኩ። አነሳ። ጨረሰ። በዚያ ቀን ያለቀሰ ሰው የለም፤ ሁሉም ፈርቶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድልህ አለኝ። ትናንት ጠዋት ብቻዬን ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። ኑስረት ከስቷል፤ ቀና ብሎም አላየኝ። "ያዱላህ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አልኩት። "እናቴን አለ" ብሎ ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ አምነውም ነበር። እሱ ግን "ሰደበኝ፣ እማማ። የአህያ ልጅ፣ ተራው አሁንም የእኔ ነው አለኝ" አለ። ሐቢብዬ፣ ይህ ራሱ ያዱላህ አይደለም? ዓመቱን ሙሉ ሰዉ "ጨዋ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር" እያለ ለማላውቀው ልጅ ሲያለቅስ ከረመ። ሳቅኩ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ ምሕረቱን ፈረምኩ። ለመሽዲ ብዬ አይደለም፤ ለኢማሙ ብዬ ነው ብልም ውሸት ይሆንብኛል። የወንድምህን የመጨረሻ ቃል የሰማ ሰው ኑስረት ብቻ ነው፤ እሱንም ባስገድል ያዱላህ ሁለተኛ ይሞትብኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ለፈሪባ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ሚናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አያት አለችኝ ወይ ብላ ከጠየቀችህ የምትመልስላትን አንተ ታውቃለህ። አንተም ተቆጣኝ፣ የፈለግኸውን ጻፍልኝ። ዝም ግን አትበለኝ።

እናትህ ኪሽወር
ሰርቸሽመ፣ ኻንሳር
ሙሐረም 8 ቀን 1413