ታይሉ ከመለጠፉ በፊት

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 7፣ 2006

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ቀትር ላይ የባለቤቴ የአክሊሉ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ዋለ መጣ። የሻወሩን ግድግዳ ውሃ መከላከያ ቀለም ቀብቶ ጨርሷል። ሰኞ በላዩ ታይል፣ ሴራሚኩን፣ ይለጥፋል። ደረጃ የሌለው ሻወር... ለአማቴ ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የድሮው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባት አቅቷቸው፣ በሳፋ የማጥባቸው እኔ ነበርኩ። ያፍራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚታጠቡት። አሁን ሪሃብ፣ ማገገሚያ ማዕከል ናቸው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 8

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግድግዳውን በጥፍሬ ነካ አደረግሁት። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላጠ! ከሥሩ አቧራ። የግድግዳው ቦርዶች መጋጠሚያም ቴፕ የለውም... ክፍት ነው። ኒው ሆፕ ከተማ፣ በጽዳት ሥራዬ፣ ሰው የለቀቀበትን አፓርትመንት ሳጸዳ አይቻለሁ፤ ታይሉ ረግፎ፣ ግድግዳው እንደ ራሰ ዳቦ ሲፈርስ።

ለአክሊሉ አሳየሁት።

«ተይው፣ ታላቄ ነው። ስንት ለፍቶልን... ደግሞ ታይሉ ይሸፍነዋል።»

«ታይል ውሃ አያቆምም! በመሃሉ ያስገባል።»

ጋሼ ዋለ ቢቀየመኝስ? ይቀየመኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ነገርኩት። «ጋሼ ዋለ፣ ታይሉን እንዳትለጥፍ። እየው» ብዬ ሌላ ቦታ ላጥኩለት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስንት ቤት ሠርቻለሁ መቅሊት! አፈሰሰብኝ ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም።»

«እኛም እንዳንደውልልህ ነው።»

ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እኔ ግን ልክ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11

ቀለሙን ፍቀን ጨረስን። አክሊሉም መፋቂያ አንስቶ አጠገቤ ቆመ። ያ ይበቃኛል። አቧራውን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

በር ተንኳኳ። ጋሼ ዋለ! ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ።

«የራሴን ሻወር አንድ ታይል ነቅዬ አየሁት» አለ።

«እና?»

«ከኋላው ጥቁር ነው... ሻግቷል።»

መጋጠሚያዎቹ ላይ እሱ ቴፕ ለጠፈ፣ እኔ በላዩ ሲሚንቶ ለቀለቅሁ። ነገ ቀለሙን ወፈር አድርገን እንቀባለን፤ ሲደርቅ ደግመን። ሲወጣ «የቧንቧውን ዙሪያ እንዳትረሺ» አለኝ። ታርቀናል ማለት ነው?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

አዲሱን ቀለም በጥፍሬ ቼክ አደረግሁ። ንቅንቅ አይልም! ያፈስስ እንደሆነ ለማየት የፍሳሹን ቀዳዳ ደፍነን ወለሉ ላይ ውሃ አጠራቀምን። ይደር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 18

ጠዋት ቤዝመንት ወርጄ ከሻወሩ ሥር ያለውን ኮርኒስ ዳሰስኩ። ደረቅ! ለጋሼ ዋለ ደወልኩ። «ለጥፍ!»

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 4

አማቴ፣ እማማ፣ ከሪሃብ ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ፎጣና ሳሙና ይዤ ወደ ሻወሩ ተከተልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ላጥብዎት ነዋ።»

«ውጪልኝ እባክሽ!»

ፎጣውን ከእጄ ነጥቀው በሩን ዘጉብኝ። ምናልባት ቢጠሩኝ ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ... አልጠሩኝም። ውሃው መውረድ ጀመረ፣ ቀጥሎ መዝሙር። ሙቁን ውሃ አንድም ሳያስተርፉ ጨረሱት።